አል-ጀዘሪ፦ ውሃን ወደ ላይ ያወጣው የእጅ ባለሙያ



በዚህ ዓምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፊቅህና የሐዲስ ሊቃውንትን ሕይወት እናነሳለን። ዛሬ የምናነሳው ሰው ግን ሙፍቲም ቃዲም አልነበረም። መዳብ የሚቀጠቅጥ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ነሐስ አቅልጦ የሚያፈስ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሙሉ ስሙ በዲዑዝ-ዘማን አቡል-ዒዝ ኢስማዒል ኢብኑር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ነው። ከመካከላችን ስሙን ያልሰማ ብዙ አይኖርም፤ የዝሆኗን ሰዓት ሥዕል በስልኩ ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። እኛ ግን ዛሬ ከዝሆኗ ይልቅ ሥዕሉ ብዙም የማይዞረውን፣ ለሰው ግን የበለጠ የጠቀመውን ሥራውን፣ የውሃ ፓምፑን ይዘን ወደ ሕይወቱ እንገባለን።

ከሐረር ወጥተን ወደ ሶፊ ገጠር ስንወርድ፣ እንደ ሌላው የሐረርጌ ገጠር ሁሉ፣ የውሃ ነገር የእርሻው ግማሽ ነው። ውሃው ከታች ነው፤ ማሳው ከላይ ነው። በሐረርጌ የውሃ ሞተር ያለው ገበሬ የሞተሩን መምጠጫ ጎማ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ወንዝ ይለቅና፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጎማውን በውሃ ይሞላዋል። በጎማው ጫፍ ላይ ውሃን ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች የማይመልስ ትንሽ ክዳን አለች፤ ፉት ቫልቭ ይሏታል። እሷ ከተበላሸች ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢጮኽም ጠብታ አያወጣም። ይህን ለገበሬው የሚነግረው አያስፈልግም። መምጠጫ ቱቦና ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አንድ ላይ ሆነው በዝርዝር፣ ከነሥዕላቸው፣ ከነአሠራራቸው ከተጻፉባቸው ቀደምት መጻሕፍት ዋነኛው ግን ከ800 ዓመት በፊት የተጠናቀቀው የአል-ጀዘሪ መጽሐፍ ነው።

አል-ጀዘሪ የሚለው ቅጽል ከአል-ጀዚራ የመጣ ነው። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ያለው የላይኛው አገር፣ ዛሬ በቱርክ፣ በሶሪያና በኢራቅ መካከል የተከፋፈለው፣ በዐረቦች ዘንድ አል-ጀዚራ ይባል ነበር። ወንዝ የሞላበት፣ ግን ወንዙ በጥልቅ ሸለቆ የሚያልፍበት አገር ነው። ከተሞቹ ከፍ ካለ ገደል ላይ ተቀምጠው ውሃቸውን ከእግራቸው ሥር ያዩታል። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ብልህ ልጅ ሐሳቡ ውሃ በማውጣት ላይ ቢያርፍ አይገርምም።

በሂጅራ 570፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1174 አካባቢ፣ የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት ገዢዎችን ማገልገል ጀመረ። መጀመሪያ ኑሩዲን ሙሐመድን፣ ቀጥሎ ልጁን ቁጥቡዲን ሱቅማንን፣ በመጨረሻም ሌላውን ልጅ ናሲሩዲን ማሕሙድን አገለገለ። አንድ አባትና ሁለት ወንድማማች ልጆች መሆናቸው ነው። ዘመኑ የሰላሁዲን አል-አዩቢ ዘመን ነው። ሰላሁዲን እ.ኤ.አ. በ1183 አሚድን፣ የዛሬዋን ዲያርባክርን፣ ከብቦ ሲይዛት ከተማዋን ለኑሩዲን ሙሐመድ ሰጠው፤ የአል-ጀዘሪ ጌቶችም በዚያች ጥቁር የድንጋይ ግንብ በተከበበች ከተማ ነገሡ። ቁድስ ነጻ የወጣችው ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1187 ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሰይፍና ፈረስ በሚቆጥሩበት በዚያ ሁሉ ግርግር፣ እሱ አውደ ጥናቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀዳዳ ይለካ ነበር። ቀዳዳ መለካት የምንለው በቀልድ አይደለም፤ ከታች እንመጣበታለን።

ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቤተ መንግሥቱን ካገለገለ በኋላ፣ ናሲሩዲን ማሕሙድ የሠራቸውን ነገሮች በመጽሐፍ እንዲያሰፍር ጠየቀው። ጥያቄው ከልብ የመጣ ይመስላል፤ ገዢው እነዚህ ሥራዎች ከሠሪያቸው ጋር እንዳይቀበሩ ሰግቶ ነበር። መጽሐፉ በጁማደል-ኣኺር 602 (ጃንዋሪ 1206) ተጠናቀቀ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው፣ በብልሃት መሣሪያዎች ጥበብ ዕውቀትንና ጠቃሚ ሥራን ያጣመረ እንደ ማለት ነው። ዒልምና ዐመል ሁለቱም ርዕሱ ላይ አሉ። እነዚህን ሁለት ቃላት ከኡስታዞቻችን አንደበት ብዙ ጊዜ ሰምተናቸዋል፤ በአንድ የፓምፕ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ማግኘት ግን ደስ ይላል። ስለ አል-ጀዘሪ ሕይወት የምናውቀው አብዛኛው ነገርም የሚገኘው ከዚሁ መጽሐፍ መግቢያ ነው። ስለ ራሱ የተናገረው ጥቂት ሲሆን ስለ መዳብ የተናገረው ግን ብዙ ነው።

መጽሐፉ ሃምሳ መሣሪያዎችን ይዟል። አሥሩ ሰዓቶች ናቸው፤ በውሃ የሚሠሩም በሻማ የሚሠሩም። አሥሩ ለግብዣ የሚሆኑ ዕቃዎችና ምስሎች፣ አሥሩ የእጅ መታጠቢያና ደም ማስወጫ ገንዳዎች፣ አሥሩ መልካቸውን እየቀያየሩ የሚፈሱ ፏፏቴዎችና ራሳቸውን የሚነፉ ዋሽንቶች፣ አምስቱ ውሃ ማውጫዎች፣ የቀሩት አምስቱ ልዩ ልዩ ናቸው። ከግብዣ ዕቃዎቹ መካከል ብዙዎቹ ለነገሥታት የመጠጥ ማዕድ የተሠሩ መሆናቸውን አንሸሽግም። የቤተ መንግሥት ባለሙያ ነበርና ጌታው ያዘዘውን ሠርቷል። ዛሬ ስሙን የምናነሳው ግን ስለዚያ አይደለም።

ከገንዳዎቹ አንዱ ለውዱእ የተሠራ ነው። ንጉሡ ማሕሙድ ውዱእ ሲያደርግ አገልጋይ እጁ ላይ ውሃ እንዲያፈስለት አይወድም ነበርና፣ አል-ጀዘሪ ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው የሚመስል ምስል ሠራለት። ምስሉ ውሃውን በልክ ያፈሳል፤ ሲጨርስ ፎጣ፣ መስታወትና ማበጠሪያ ያቀርባል። ውሃው የሚወርደው አንድ ሰው ለውዱእ በሚበቃው መጠን ተለክቶ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ወሬ እያወራ ውዱእ የሚያደርግ ወንድም በየዶርሙ አለና፣ ይህችን መሣሪያ በየመስጊዱ በር ላይ ብንተክላት ኖሮ ብለን ተመኝተናል።

ወደ እጁ ሥራ እንግባ፤ የዚህ ሰው ሕይወት ዋናው ክፍል እሱ ነውና። አል-ጀዘሪ ከእሱ በፊት የነበሩትን አንብቧል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበሩትን የበኑ ሙሳ ወንድማማቾች ሥራ ያውቃል፤ የግሪኮችንም ያውቃል። ስማቸውን ይጠራል፣ ያከብራቸዋል፣ ከዚያም የጎደላቸውን ያሳያል። ዋናው ቅሬታው አንድ ነው፤ ብዙዎቹ የነደፉትን ሁሉ ሠርተው አልሞከሩትም። በወረቀት ላይ የሚሠራ ነገር በመዳብ ላይ ላይሠራ እንደሚችል የሚያውቀው የሞከረ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ በእጁ ሠርቶ ያላረጋገጠውን ነገር በእርግጠኝነት መጻፍ አልወደደም።

ይህ ጠባዩ በትንንሽ ነገሮች ላይ ይታያል። የእንጨት ጎማ ሲሠራ አንዱን እንጨት በአንዱ ላይ እየደረበ ያጣብቀዋል፤ አንድ ወጥ እንጨት በእርጥበትና በፀሐይ ይጣመማል፣ ተደራራቢው ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። ጎማውን ከመትከሉ በፊት ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ ሚዛኑን ይፈትናል። አስቸጋሪ ቅርጽ ሲያጋጥመው መጀመሪያ በወረቀት ቆርጦ ያየዋል። ነሐስ ለማፍሰስ በሳጥን ውስጥ የታመቀ አሸዋ ይጠቀማል። የቫልቩን መሰኪያና መቀመጫውን አንድ ላይ አድርጎ በመሃላቸው ሻካራ የድንጋይ ዱቄት ጨምሮ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሽከረከረ እስኪገጥምና ውሃ እስከማያሳልፍ ድረስ ያፋጫቸዋል። የሞተር ጥገና ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ የመኪና ሞተር ቫልቭ ዛሬም በየጋራዡ የሚፋጨው በዚሁ መንገድ ነው። የሰዓቶቹን ውሃ የሚያወርዱትን ቀዳዳዎች ደግሞ በግምት አይበሳቸውም። ውሃ ያፈስባቸዋል፣ በተወሰነ ጊዜ ስንት እንደወረደ ይለካል፣ ያሰፋል፣ መልሶ ይለካል። የሰዓቱ እውነተኛነት በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው ያለው።

አሁን ፓምፑ። ከአምስቱ የውሃ ማውጫዎች የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ውሃ የሚያወጡት በመጥለቂያ ነው፤ አንዳንዶቹን እንስሳ ያዞራቸዋል፤ በአንደኛው ላይ ክራንክ እናያለን። አምስተኛው ግን ሌላ ዓለም ነው።

በወራጅ ውሃ ላይ መቅዘፊያ ያለው ጎማ ይተከላል። ወንዙ ጎማውን ያዞራል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለ ጥርሳም ጎማ ደግሞ በጠፍጣፋው የተኛ ሌላ ጥርሳም ጎማ ያዞራል። በተኛው ጎማ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ችንካር ቆሟል። ችንካሩ የገባው መሃሉ በረጅሙ በተሰነጠቀ ዘንግ ውስጥ ነው። ዘንጉ በአንድ ጫፉ ተይዟል። ስለዚህ ጎማው በክብ ሲዞር ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ መዞር ወደ መመላለስ ተለወጠ ማለት ነው። በዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት የመዳብ ሲሊንደሮች ፊት ለፊት ተጋድመዋል። በየውስጣቸው ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ሁለት የመዳብ ክቦች ሆኖ በመሃላቸው እንደ ቃጫ ያለ ክር በጥብቅ ተጠቅልሎ ገብቶባቸዋል፣ ውሃው በጎን እንዳያመልጥ። ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲሄድ የግራው ፒስተን ይጎተትና ውሃ ይመጣል፣ የቀኙ ይገፋና ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ግራ ሲመለስ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ወደ ወንዙ የሚወርድ መምጠጫ ቱቦና ወደ ላይ የሚሄድ መግፊያ ቱቦ አለው፤ በሁለቱም ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ። መግፊያዎቹ ከላይ ተገናኝተው አንድ ቱቦ ይሆናሉ። ውሃው ሃያ ክንድ ያህል ይወጣል፤ በዛሬ መለኪያ ወደ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ሲሊንደሮቹን ለአንባቢው ሲያስረዳ፣ በጦርነት ጊዜ የሚቀጣጠል ናፍጣ ከሚረጨው መሣሪያ ጋር ያመሳስላቸዋል፤ የዘመኑ ሰው የሚያውቀው እሱን ነበርና።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከእሱ በፊት ሁለት ሲሊንደር ያለው ፓምፕ ነበር፤ በእስክንድርያ ክቴሲቢዮስ የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠርቶታል ይባላል። ያ ፓምፕ ግን ቆሞ ውሃው ውስጥ የሚገባ ነበር። የአል-ጀዘሪው ከውሃው በላይ ተቀምጦ በቱቦ ይስባል። ደግሞም በሰው ክንድ ሳይሆን በራሱ በወንዙ ጉልበት ይሠራል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አል-ጀዘሪ ፓምፕንም፣ ክራንክንም፣ ሮቦትንም ከምንም ተነስቶ ብቻውን እንደፈጠረ የሚጽፉ ወንድሞች አሉ። ፍቅራቸውን እንረዳለን። ሰውየው ራሱ ግን የቀደሙትን በስም እየጠራ ከማን ምን እንደወሰደ የተናገረ ሰው ነው። እሱ ያልጠየቀውን ክብር ስንሰጠው፣ የጠየቀውን፣ ማለትም ሥራውን በትክክል እንድናየው የፈለገውን፣ እየነፈግነው ነው። እውነተኛው ድርሻው ደግሞ ማጋነን አያስፈልገውም። መምጠጫ ቱቦውን፣ ተፈራራቂዎቹን ሲሊንደሮችና መዞርን ወደ መመላለስ የሚለውጠውን ዘንግ በአንድ ማሽን አገናኝቶ፣ ሌላ ሰው ሊሠራው እንዲችል አድርጎ ጻፈው።

ሲሊንደሮቹን ከወንዙ አጠገብ ማስቀመጡም ትልቅ ነገር ነው። ፓምፕ ውሃን ይስባል እንላለን እንጂ፣ በእርግጥ የሚሆነው ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ ባዶ ሲፈጥር የውጭው አየር ውሃውን ከታች መግፋቱ ነው። አየር ደግሞ ጉልበቱ የተወሰነ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ አሥር ሜትር ያህል ይገፋል፤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር አየሩ ስለሚሳሳ ወደ ስምንት ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከስድስት ሜትር በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ይህ የአየር ክብደት ነገር የተረጋገጠው ቶሪቼሊ በ1643 ባደረገው ሙከራ፣ ከአል-ጀዘሪ ከ400 ዓመት በኋላ ነው። አል-ጀዘሪ ሕጉን ባያውቅም እጁ መንገዱን አግኝቷል፤ መምጠጫውን አሳጠረ፣ መግፊያውን አስረዘመ። ወደ ላይ መግፋት የቱቦው ጥንካሬና የጉልበቱ ጉዳይ ነው እንጂ የአየር ወሰን የለበትም። የእኛ አካባቢ ገበሬ ሞተሩን ከማሳው ዳር ሳይሆን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ አንዳንዴም ጉድጓዱ ውስጥ ዕርከን ቆፍሮ የሚያስቀምጠው ለዚሁ ነው።

ፓምፕ የእርሻ ብቻ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ውሃን ማውጣት የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነበት ሌላ ቦታ አለ፤ የጀልባ ሆድ። ሰላሁዲን አሚድን በያዘበት በዚያው 1183 ዓመት፣ ከአንዳሉስ የመጣው ሐጃጅ ኢብን ጁበይር ከዐይዛብ ወደብ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ወደ ጂዳ ተሻገረ። የተሳፈረባቸውን ጀልባዎች ገልጿቸዋል፤ ሳንቃቸው በምስማር ያልተመታ፣ ከኮኮናት ልጥ በተፈተለ ገመድ የተሰፋ ነበር። የእኛም አባቶች ከሐረር በግመል ወደ ዘይላ ወርደው የሚሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነበር። የእንጨት ጀልባ ምንም ቢደፈን ውሃ ያስገባል፤ የገባው ውሃ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ሳይወጣ ከቆየ ጀልባው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር የበለጠ ይገባዋል። መርከበኞች በባልዲና በቆዳ መቅጃ እየተፈራረቁ ሲቀዱ ያድራሉ።

አል-ጀዘሪ ፓምፑን ለጀልባ አላሰበውም። ጀልባ ሠርቷል፤ ግን የጨዋታ ጀልባ ነበረች። አራት ሙዚቀኛ ምስሎች ተቀምጠውባት በቤተ መንግሥት ኩሬ ላይ ትንሳፈፍ ነበር። በሆዷ ውስጥ የተደበቀ የውሃ ጋን በየተወሰነ ጊዜ ውሃ ይለቃል፣ ውሃው ጎማ ያዞራል፣ ምስሎቹ ከበሮ ይመታሉ፣ ዋሽንት ይነፋሉ። ሌላው ሰው ከጀልባ ሆድ ውሃ ለማውጣት ሲደክም እሱ ሆን ብሎ ውሃ የጫነባት ጀልባ መሥራቱ ያስቃል። ሆኖም መምጠጫ ቱቦ፣ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭና የሚመላለስ ፒስተን፣ እሱ የጻፋቸው ሦስቱ ነገሮች፣ ዛሬ በጀልባ ላይ በእጅ በሚሠራው ፓምፕ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ በአንዳንዱ ላይ በፒስተን ፋንታ የጎማ ሽፋን ከመግባቱ በቀር።

በመካከላችን ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ የመጡ ተማሪዎች አሉና ስለዚህ ጥቂት ብንጨምር አይበዛም። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራች ስለሆነች ፓምፕ አያሻትም፤ የሚያንሳፍፋት ደንገሉ ራሱ ነውና ውሃ የሚጠራቀምበት ባዶ ሆድ የላትም፤ ማታ ወደ ዳር ወጥታ ትደርቃለች። የብረትና የፋይበር ጀልባ ግን ፓምፕ ያስፈልገዋል። ከውሃው ወለል ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ ብትከፈት በሰዓት 2,500 ሊትር ያህል ውሃ ታስገባለች። ሃይድሮሊክስ የወሰዳችሁ አስሉት። ፓምፕ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር መጠን ውሃው ምንም ከፍታ ሳይወጣ የተለካ ነው፤ አንድ ሜትር ወጥቶ፣ በተጠማዘዘ ጎማ አልፎ ሲፈስ ግማሹን ያህል ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሚፈለገው በእጥፍ ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራውና ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት ራሱን ችሎ ስለማይስብ የግድ ከጀልባው ሆድ ዝቅተኛው ቦታ ላይ መታሰር አለበት፤ የጎማ ሽፋን ያለው ዓይነት ግን ራቅና ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ መቀመጥ ይችላል። መምጠጫው አጭር ይሁን፣ ጫፉ ላይ ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት ይኑረው። የማፍሰሻው ጎማ ከውሃው ወለል በላይ ከፍ ብሎ ታጥፎ ይውረድ፤ አለበለዚያ ፓምፑ ሲቆም የሐይቁ ውሃ በዚያው መንገድ ራሱን እየሳበ ይመለሳል። ሽቦው ፊውዝ ይኑረው፣ መገጣጠሚያው ከእርጥበት ይራቅ። ከኤሌክትሪኩ ሌላ በእጅ የሚሠራ አንድ ፓምፕ መኖር አለበት፤ ባትሪ የሚሞተው ውሃ በሚገባበት ሰዓት ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተገጠመ በኋላ ጀልባው ገና ዳር ላይ ታስሮ ሳለ ሆዱ ውስጥ ውሃ ጨምሮ ማየት ነው። አል-ጀዘሪ ቢሆን ከዚህ ውጭ አያደርግም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ውሃ ጥማታችን እንመለስ። በሐረር ትውፊት ሸይኽ አባድር ወደ ከተማዋ የመጡት በሂጅራ 612 ነው ይባላል፤ የአል-ጀዘሪ መጽሐፍ ከተጠናቀቀ ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያን ጊዜ አንስቶ ይህች ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ውሃዋን ከታች ስታወጣ ኖራለች፤ ለዘመናት በእንስራና በአህያ ጀርባ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ በፓምፕ። ለአሥርተ ዓመታት የሐረር ውሃ ከሐረማያ ሐይቅ እየተገፋ ይመጣ ነበር። ሐይቁን የከተማ ፓምፕ ብቻ አልነበረም የሚስበው፤ በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ ሁሉ ሞተር ተክሎበት ነበር፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ከብት በሐይቁ ወለል ላይ ሲግጥ የታየበት ጊዜ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ ሐረር ግን ከዚያ በኋላ ውሃዋን በድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ በፓምፕ እያስገፋች ማምጣት ግድ ሆኖባታል። ለዚያ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ የሚያስብ ሰው አንዲት ባልዲ ውሃ አይደፋም።

የአል-ጀዘሪ ፓምፕ ከዛሬው ሞተር የሚለይበት አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። የሚያዞረው ወንዙ ራሱ ነው። ወንዙ ሲሞላ በኃይል ይሠራል፣ ወንዙ ሲቀንስ ይዘገያል፣ ወንዙ ሲደርቅ ይቆማል። ከውሃው አቅም በላይ መሳብ አይችልም። የናፍጣው ሞተር ግን ሐይቁ መጉደሉን አያውቅም፤ ናፍጣ እስካለው ድረስ የመጨረሻዋን ጭቃ ይስባል። ልኩን የሚያስገባለት ሰው ያስፈልገዋል። ከመካከላችን ውሃ ምህንድስናና መስኖ የሚያጠኑ፣ ነገ በሶፊም ሆነ በሌላ ወረዳ ለገበሬ ጉድጓድና ሞተር የሚመርጡ ብዙዎች አሉ። ስንት ሊትር ማውጣት ይቻላል የሚለውን ሁላችንም ፈተና ላይ ሠርተነዋል። ስንት ሊትር ተመልሶ ይገባል የሚለውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ መለካት፣ አል-ጀዘሪ ቀዳዳዎቹን እንደለካ ታግሶ፣ ሌላ ሥራ ነው።

መጽሐፉ ከተጠናቀቀ በኋላ በዚያው ዓመት፣ በሻዕባን ወር መጨረሻ፣ ሙሐመድ ኢብን ዩሱፍ አል-ሐስከፊ የሚባል ጸሐፊ ገልብጦ ጨረሰው። ያ ቅጂ ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት አለ። ሌሎችም ገለበጡት፤ በሂጅራ 715 ከተገለበጠው አንዱ ቅጠል ቅጠሉ ተበትኖ፣ ዝሆኗ ያለችበት ገጽ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደርሳለች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደማስቆው ተወላጅ ተቅዩዲን ስድስት ሲሊንደር ያለው ፓምፕ በመጽሐፉ ገለጸ። በ1974 ዶናልድ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የአል-ጀዘሪን መጽሐፍ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ በተደረገው የኢስላም ዓለም ፌስቲቫል ላይ፣ በሳይንስ ሙዚየም፣ ባለሙያዎች ከሰዓቶቹ ትልቁን እሱ በጻፈው መሠረት መልሰው ሠሩት። ውሃ ሞሉበት፤ ሠራ።